ለሰርጉ የታሰበው ዓሣ

ተረት ልጀምር ነው። «እሺ» የማይል ሰው ካለ ከአሁኑ ይውጣ፤ በመሐል የሚያዛጋ አልወድም።

ድሮ፣ መረብም ዓሣም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ከአንዱ ዳር ሲጣሩ ከሌላው ዳር «አቤት» የሚባልባት አንዲት ትንሽ ሐይቅ ነበረች። በዳርቻዋ አለኸኝ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ይኖር ነበር። አለኸኝ በሬ የለውም፤ በግ የለውም። ያለው አንድ ታንኳ፣ ከአባቱ የወረሰው አንድ መረብ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት አንዲት ልጅ ነው። ልጅቷ ደብሪቱ ትባላለች።

ደብሪቱ ታጨች፤ ሰርጓም ለጥር ተቀጠረ። የሙሽራው አባት አያ ፈንቴ «ለመሆኑ ለሰርጉ ምን ታርዳለህ?» ብሎ ጠየቀ። አለኸኝ ደረቱን ነፋ።

«ዓሣ አበላችኋለሁ። እስክትጠግቡ ሳይሆን ‹ተወን› ብላችሁ እስክትለምኑኝ ድረስ!»

አያ ፈንቴ ሳቀ። አለኸኝ አልሳቀም። ዓሣው ከጎደለ ልጁ በባሏ አገር መሳቂያ ሆና እንደምትቀር ያውቃል።

ወሩ ሰኔ ነበር። በክረምት ዓሣ ይዋለዳል፣ መረብ ያርፋል፤ የአባቱ ሕግ ይኸው ነው። አለኸኝ ግን መረቡን ከተሰቀለበት አወረደው።

«ምነው አለኸኝ?» አለ መረቡ። «ክረምት እኮ ነው። ገና መተኛቴ ነው።»

«ሰርግ አለብኝ።»

«እኔ አልተጠራሁም።»

«ተጠርተሃል፤ ተነስ!»

መረቡ አራት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው፤ ትልቁን ይይዛል፣ ትንሹን ያሳልፋል። አለኸኝ ክር ጨምሮ ወደ ሦስት ጣት አጠበበው።

«አባትህ ቢያይ ምን ይላል?» አለ መረቡ።

«አባቴ ሞቷል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለ መረቡና ውሃ ውስጥ ገባ።

ዓሦቹ ይህን ሲያዩ ተመካክረው ሽማግሌ ላኩ። አንዷ የልጆች እናት እመት ቆሮሶ ናት። ሁለተኛው አያ አምባዛ ነው፤ እሱ የተመረጠው ለጢሙ ነው። ታንኳው አጠገብ ብቅ አሉ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ አለኸኝ።

እመት ቆሮሶ ዝም አለች። አፏን ግጥም አድርጋ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ምን እያለች ነው?»

«ተስማምታለች» አለ አያ አምባዛ።

በዚያ አገር አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ ማንም አይበላውም፤ ስለዚህ አያ አምባዛ የመረብ ወሬ እንቅልፍ አይነሳውም። እንዲያውም ከመረብ ሸሽቶ ሣር ውስጥ የሚደበቀውን ትንንሽ ዓሣ አፉን ከፍቶ የሚቀበለው እሱ ነው።

አለኸኝ ያጠመደውን ለጥር ቋንጣ ይሆናል ብሎ ገመድ ላይ ሰቀለ። ዝናቡ ይወርዳል።

«አለኸኝ» አለ ገመዱ፣ «ይህ ነገር አይደርቅም።»

«ይደርቃል።»

«እኔ ራሴ ከሰቀልከኝ ጀምሮ አልደረቅኩም።»

ዓሣው ገማ። አለኸኝ ቀበረውና መረቡን ወደ ሁለት ጣት አጠበበው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እመት ቆሮሶ አሁንም ዝም።

«ዛሬስ?»

«ከበፊቱም የበለጠ ተስማምታለች» አለ አያ አምባዛ። እሱ ወፈር ብሏል።

ያም ዓሣ ተሰቀለ፤ ያም ገማ። መረቡ ወደ አንድ ጣት ጠበበ። እመት ቆሮሶ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ዝግ ነው።

«አሁንስ ምን ሆነች?»

«ደስታ ነው» አለ አያ አምባዛ።

ክረምቱ ወጣ፤ ጥር ገባ። በሰርጉ ዋዜማ አለኸኝ መረቡን ጣለ። ሣር ወጣ። ደግሞ ጣለ። አያ አምባዛ ወጣ፤ አጥንቱ ይቆጠራል።

«ምነው ከሳህ?»

«ወደ ሣሩ የሚሸሽ ጠፋ» አለ አያ አምባዛ።

አለኸኝ እሱን ወደ ውሃው ወርውሮ መረቡን ለሦስተኛ ጊዜ ጣለ። እመት ቆሮሶ ወጣች። ታንኳው ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ አስቀመጣት። ያን ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ከአፏም ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ልጆች እየተግተለተሉ ወጡ።

«ሦስት ጊዜ ለሽምግልና መጣሁ» አለች። «እኔ ልጆቼን የማሳድገው በአፌ ይዤ ነው። አፌን ከፍቼ ብለምንህ መረብህ ውስጥ ይበተኑብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬም አድገው ከአፌ የወጡት በመረብህ አለቁብኝ። የቀሩኝ እነዚህ ናቸው።»

አለኸኝ አፈረ። ለልጁ ብሎ የሌላ እናት ልጆች ሲፈጅ መክረሙ ተሰማው፤ እንባውም መጣ።

«ምን ላድርግ?» አለው መረቡን።

«እኔ መረብ ነኝ» አለ መረቡ። «የእኔ ሥራ መያዝ ነው። መልቀቅ ያንተ ነው።»

አለኸኝ ውሃውን በቅል እየቀዳ እናቲቱን ከነልጆቿ ወደ ሐይቁ መለሰ።

በማግስቱ ሰርገኛው ለሽሮ ተቀመጠ።

«ዓሣው የታለ?» አለ አያ ፈንቴ።

«ሐይቁ ውስጥ።»

«ምን ይሠራል?»

«ያድጋል። ለደብሪቱ ልጅ ክርስትና ይደርሳል።»

ሰርገኛው ተሳሳቀ። ደብሪቱ በባሏ አገር «ሙሽራ ሽሮ» ተብላ ከረመች፤ አለኸኝም ይህን በሰማ ቁጥር የጨመረውን ክር ይፈታል። መረቡ አራት ጣቱ ተመለሰለት፤ ክረምት ክረምት ተኛ። አያ አምባዛን ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና የላከው የለም።

ደብሪቱ ወለደች። በክርስትናው ዕለት አለኸኝ ዓሣ አቀረበ፤ ደግሞ አቀረበ፤ ደግሞ አቀረበ። አያ ፈንቴ ቀበቶውን ፈታ።

«አለኸኝ» አለ፣ «በልጅ ልጃችን ይዤሃለሁ፣ ተወኝ!»

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዝም ያለ ሁሉ እሺ ያለ አይምሰላችሁ፤ አፉ ውስጥ ምን እንደያዘ አስቀድማችሁ እዩ። እኔ ጨረስኩ፤ ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦ ከሌለ ሽሮም ይበቃኛል።