አያ ቀበሮና ቀጭኑ ሐዲድ

እንግዲህ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ጎረቤት በነበረበት ዘመን፣ ስሙን በማላውቀው አገር የነገሠ አንበሳ የባቡር መንገድ ማሠራት አማረው። እንጨት ሞልቷል፤ ብረት የሚያቀልጥ ግን በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ አያ ቀበሮን ወርቅ አሸክሞ፣ ባሕር ተሻግሮ ሐዲድ ገዝቶ እንዲመጣ ላከው።

ባሕር ማዶ ብረት የሚሸጠው ጃርት ነበር። ጃርት ወፍራሙን ሐዲድ ቢያሳየው ቀበሮ ዋጋውን ሰምቶ ፊቱን አዞረ። እንጨት ላይ የሚመታውን ቀጭን ብረት ሲያሳየው ግን ዓይኑ በራ። ጃርት ሐቀኛ ነበርና አስጠነቀቀው።

"ይሄ ምስማሩ ሲላላ ጫፉ እንደ እባብ ቀና ይላል። የባቡሩን ወለል ከሥር በስቶ የተቀመጠውን ይወጋል" አለው።

"ምን ቸገረኝ፣ እኔ አልሄድበት" አለ ቀበሮ። ቀጭኑን ገዛና በተረፈው ወርቅ መርከቡን ሙክት በሙክት አደረገው። ሆዳም!

አገሩ ሲገባ፣ ሐዲዱን የሚመታው ከርከሮ ብረቱ ሳሳብኝ ብሎ አጉረመረመ። "ምን ቸገረህ፣ አንተ አትሄድበት፣ እኔ አልሄድበት" አለው ቀበሮ። ከርከሮም የንጉሥ መልእክተኛን ማን ይናገራል ብሎ መዶሻውን አነሳ።

የምርቃቱ ቀን አገር ተሰበሰበ። ቀበሮ ወዙ ጢም ብሎ ከዳር ቆሟል። አንበሳ ተነሥቶ፣ "በእኛ ቤት ጠጅ የቀዳ አስቀድሞ ከመዳፉ ይቀምሳል። መንገዱንም ያመጣው ይቅመሰው" አለ።

ቀበሮ ሆዴን ቆረጠኝ ሊል ሲል፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቀድመውት ተሳፍረው በመስኮት ሲጠሩት አየ። ውረዱ ቢላቸው ለምን ይባላል፤ እውነቱን ቢናገር የአንበሳ ጥፍር አለ። ምን ያድርግ፣ ወጣ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ቋ! አለ ከሥር። ቀበሮ እግሩን ሰበሰበ። ቋ! ጭራውን አቀፈ። ሞት ከሥር እየመጣ ከላይ ተቀምጦ መጠበቅ፣ ልጆቼ፣ ለጠላትም አይስጥ። ትንሿ ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ "አባዬ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል?" አለችው። ሦስተኛው ቋ የተሰማው እሷ ከተቀመጠችበት ሥር ነው።

ያን ጊዜ ጥፍሩንም ንጉሡንም ረሳ። "አቁሙ! ብረቱ ቀጭን ነው፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸና ልጁን መንጭቆ አነሳት። ብረቱ ወለሉን በስቶ፣ እሷ የነበረችበትን ቦታ አልፎ የአባቷን እጅ ወጋው።

አንበሳ በጥፍሩ አልነካውም። ፍርዱ ከጥፍር ባሰ። ወፍራሙ ሐዲድ ተገዝቶ እስኪመጣ፣ ባቡሩ በወጣ ቁጥር ቀበሮ ከፊት ከፊት እየሄደ ቀና ያለውን ብረት እንዲመታ፣ ልጆቹም ከኋላው እንዲሳፈሩ ፈረደበት። ቀበሮ ዛሬም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት የሚያየው፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚደነብረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ለባዳ ያቀጠኑት ሐዲድ፣ የራስ ልጅ ይሄድበታል።