አያ ጅቦ ኮክ ሲጠብቅ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ዳገት ላይ፣ አያ አንበሶ ላይኛውና ታችኛው ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ሰፊ የኮክ እርሻ ነበረው። እሱ ኮክ አይቀምስም፤ ፍሬው ገበያ ወጥቶ በሙክት ይለወጥለታል እንጂ። እርሻውን የምታለማው እመት አህዪት ነበረች። ተቆጣጣሪው አያ ጅቦ ሲሆን፣ ለሹመቱ ያበቃው ቀኑን ሙሉ ከጥላ ሥር ሳይነቃነቅ ሌላውን ማየት መቻሉ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ የጌታን ፍሬ ሳይበስል መሬት ያስነካ ለጌታ እራት ይቀርባል።

በጥር አህዪት የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ከረከመች። በየካቲት ዛፉ ሁሉ አበበ፤ ጅቦም አበባውን እሱ እንዳስፈካው ለአንበሶ ሪፖርት አቀረበ። በሚያዝያ ግን ፍሬው በዝቶ ቅርንጫፉን ማጉበጥ ጀመረ። አህዪት ቀና ብላ ስታየው የራሷን ወገብ አመማት። ጭነት ምን እንደሆነ ለእሷ የሚነግራት አያስፈልግም። ስለዚህ ከታችኛው እርሻ ጀምራ፣ ከተደራረበው ፍሬ ግማሹን፣ ገና ለጋ ሳለ፣ በአፏ እየቀነጠሰች ጣለችው፤ የቀረው እንዲወፍር፣ ዛፉም እንዳይሰበር።

ጅቦ ይህን ሲያይ ከጥላው ተነሣ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ሄዶ ከሰሳት፤ አጥንቷ ለእሱ እንዲሰጠውም በዚያው አመለከተ።

ችሎት ፊት አህዪት ስለ ዛፍ ወገብ ማስረዳት ጀምራ ነበር፤ አንበሶ ሲያዛጋ ጥርሱን አየችና ሳትጨርስ ተወችው። ያኔ የችሎቱ ጸሐፊ እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጌታዬ፣ ቅጣቱ ተገቢ ነው። ግን እስቲ ጎኗን ይዩት፤ ይቺ ምኗ ይበላል? እስከ ሐምሌ ሣር ስትግጥ ብትቆይስ?»

«እሱስ እውነት ነው፤ ትወፍር» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

«የላይኛውን እርሻ ደግሞ ጠንቃቃው አያ ጅቦ ይያዘው» አለች ቀበሮ። ጅቦም አንድ ፍሬ መሬት ላያስነካ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በሕጉ ማለ።

አህዪት ወደ ታችኛው እርሻ ተመለሰች። ዛፎቹን አጠጣች፣ ሥራቸውን በፍግ ሸፈነች፤ የራሷ ሣር ግን አልዋጥ አላት። በወፈረች ቁጥር እራት እየሆነች ነዋ። ጅቦ በየማለዳው በአጥሩ በኩል ጎኗን አይቶ «ተመስገን» ይላል።

ክረምቱ ገባ። በሐምሌ አንበሶ፣ ቀበሮን አስከትሎ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ መጣ። በላይኛው እርሻ አንድም ፍሬ ያልተቀነሰለት ዛፍ፣ የዝናቡ ክብደት ተጨምሮበት፣ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ደርሷል። ጅቦ ከሥር ገብቶ በጀርባው ደግፎት ቆሟል።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለው አንበሶ።

«ቁጥጥር ላይ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ወጥተህ ሰላም አትለኝም?»

«ብወጣ ይወድቃል፤ ከወደቀ ደግሞ እበላለሁ። ካላስቸገርኩዎ እዚሁ ጎንበስ ብለው ይሳሙኝ።»

አንበሶ ጎንበስ ሳይል ቅርንጫፉ ተገነጠለ። ከባቄላ ብዙም ያልበለጠ ጥሬ ኮክ በጅቦ ላይ ዘነበ። አንበሶ ጅቦን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ አሸተተውና ፊቱን አዞረ። ይህ ለእራት የሚሆን ነገር አይደለም። ሕጉን እዚያው ሻረው፤ ጅቦም አንበሶ ሐሳቡን ሳይቀይር ቁልቁል ተፈተለከ።

በታችኛው እርሻ ጡጫ የሚያክል ኮክ ቀልቶ ይጠብቃል። አህዪት ወሬውን አልሰማችም፤ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። አንበሶ አንዱን ፍሬ በመዳፉ ሲመዝን ሙክቶቹ ታዩት።

«በሚያዝያ ፍሬውን ቀንሱ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አይደለም?»

አህዪት ዓይኗን ገልጣ ቀበሮን አየች። ቀበሮ ሰማዩን አየች።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ» አለች አህዪት። ይህን ስትል ከሚያዝያ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ወረደላት። የዚያን ቀን ሣሩን አጣጥማ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ በላች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙ ማትረፍ የፈለገ ገሚሱን በጊዜው መጣል እንዳለበት፣ ሐሳቡ የማን ነበር በሚለው ላይ ግን ጥርስ ካለው ጋር አለመከራከር ለጤና እንደሚበጅ ነው።