ገመዱን የያዘው እጅ

አንድ ፖሊስ ነበረ፤ ሥራው በውሻ እየታገዘ ሌባ ማሰስ ነው። አስማረ፣ ለጠየቅኸኝ መልስ የሚሆንህ የዚህ ሰው ነገር ነውና ሳትቸኩል ስማኝ።

ለአራት ወረዳ የነበረው ውሻ አንድ ብቻ ነው፤ ዳማ ይሉታል። አንዱ ጋ በሬ ይሰረቃል፣ ሌላው ጋ ሱቅ ይሰበራል፤ ፖሊሱና ዳማ በተገኘው መኪና ተጭነው ይሄዳሉ። ፖሊሱ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረ። ወገቡን መንገድ ጨርሶታል። ከቤቱ ይልቅ በየጣቢያው አግዳሚ ላይ ያደረው ይበዛል። ውሻውን ሳያበላ ግን በልቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከአንዲት ትንሽ ከተማ ተጠራ። የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሠራበት ባትሪ ተሰርቆ መድኃኒቱ ሁሉ ተበላሽቷል። ሌባው ሲሮጥ የጣለው ፎጣ ተገኝቷል። ፖሊሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ሰዉ ከበበው።

«ምን ያደክምሃል? ያ ጫማ ሰፊ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል!» አሉት። ጫማ ሰፊው ከዓመታት በፊት በስርቆት ታስሮ የወጣ ሰው ነው።

ለፖሊሱ ይህ የሳምንቱ ሦስተኛ ጥሪ ነበር። ጫማ ሰፊውን አይጠላውም፤ አያውቀውምም። የናፈቀው ነገሩ አልቆለት ቤቱ ገብቶ ጋደም ማለት ብቻ ነበር። ጫማ ሰፊውን ጨምሮ አሥር ሰዎች ተሰለፉ። ዳማ ፎጣውን አሸተተና ፖሊሱ ገመዱን ይዞለት በፊታቸው ማለፍ ጀመረ፤ ጫማ ሰፊው እግር ሥር ሲደርስ ቁጭ አለ፤ «አገኘሁ» ማለቱ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። ጫማ ሰፊው «ኧረ በልጆቼ እምላለሁ!» እያለ በካቴና ተወሰደ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ፖሊሱ በጣቢያው ግቢ ዳማን ሲያለማምድ፣ ባልደረባው ውሻው ያሸተተውን ጨርቅ ከአምስት ሣጥኖች ባንዱ ደበቀና «ሦስተኛው ውስጥ ነው» አለው። ዳማ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ። ባልደረባው ግን ሣጥኑን ከፍቶ ሳቀ።

«ለካ ተሳስቼ ነው! አምስተኛው ውስጥ ነው የከተትኩት።»

ፖሊሱ አልሳቀም። «እስቲ እንደገና ደብቀው፤ የት እንዳለ ግን እንዳትነግረኝ» አለ። ዳማ በቀጥታ ሄዶ ጨርቁን አገኘው።

ያን ጊዜ ገባው። የውሻው አፍንጫ ደህና ነው። ጌታው በልቡ ካሰበው ቦታ ሲደርሱ ግን የጌታው እርምጃ ቀዝቀዝ ይላል፣ ገመዱ ይላላል፤ ዳማም ይህን ያውቃል። ፖሊሱ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ዳማ ጅራቱን እየቆላ አየው፤ ደስ ያሰኘው መስሎታል።

ለአለቃው ሄዶ ነገረው። አለቃው ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ ይህን ከተናገርክ እስከ ዛሬ የያዝካቸው ሁሉ ምን ሊሉ ነው?»

«እሱን እኔም አስቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ ፖሊሱ። «ግን ጌታዬ፣ ደክሞኛል። ይህን ደግሞ ጨምሬ መሸከም አልችልም።»

ፍርድ ቤት ቀርቦ «ክቡር ዳኛ፣ ውሻው አልዋሸም። በገመዱ የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብሎ መሰከረ። ሌላ ማስረጃ አልነበረምና ጫማ ሰፊው ተፈታ። ባትሪው አልተገኘም። የከተማው ሰው «ሌባ አስፈታብን» ብሎ ፖሊሱን ረገመው። ይቅርታ ሊለምን ሲሄድ ደግሞ ጫማ ሰፊው ከመርፌው ቀና ሳይል፣ «አንተስ መሰከርክ፤ እግዜር ይስጥህ። ሰዉ ግን ጫማውን ለሌላ መስጠት ለምዷል» አለው።

ከዚያ ወዲህ ፖሊሱ አንድ ቦታ ሲደርስ «ማንም ስም እንዳይጠራብኝ» ይላል። ወሬ የሰማ እንደሆነ ገመዱን ምንም ላልሰማ ባልደረባ ሰጥቶ ፊቱን ያዞራል። ብዙ ጊዜ ዳማ ማንም ጋ ሳይቀመጥ ይመለሳል። ሰዉ ይሳደባል። ፖሊሱም ባዶ እጁን፣ እንደደከመው፣ መኪናው ላይ ይወጣል።

እንግዲህ አስማረ፣ «ወንድሜን ከአባታችን ቤት ሳስወጣው ሕሊናዬ ከቶ አልቆረቆረኝም፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አልከኝ። ሕሊናህ ደህና ነው፤ እግዜር ሲሰጥህ ጤነኛ አድርጎ ነው የሰጠህ። ነገር ግን እሱም እንደዚያ ውሻ ነው፤ የጌታውን ፊት ያያል። ቤቱን ብቻህን ልትኖርበት ስትመኝ ከርመህ ሕሊናህን ጠየቅኸው፤ እሱም ከወንድምህ እግር ሥር ቁጭ አለልህ። አንተም አመንከው። ሂድና ያን ቤት ለማይመኝ ሰው ነገራችሁን ስጠው። የሚፈርደው ላይጥምህ ይችላል፤ ደክሞህ ትመለስ ይሆናል። ወንድምህ ግን ዛሬም የሚያድረው ሰው ቤት ነው።