የሁለት ጀንበር ሸክም

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ለዓመታት በሆዷ ይዛው የኖረችው ጥያቄ ነበራት፤ «ጀንበር አንዲት ናት፤ ታዲያ እኔ የሁለት ጀንበር ሥራ የምሠራው ለምንድን ነው?» ዓይን አፋር ስለነበረች ግን ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

አገሩ በአንድ ረጅም ተራራ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በስተ ምሥራቅ፣ አያ አንበሶ በሚገዛው ሜዳ፣ ጀንበር ማልዳ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተራራው ስለሚጋርዳት ቶሎ ይመሻል። የዚያ አገር እንስሳት ችኩሎች ናቸው፤ ሲበሉ አያወሩም፣ በጊዜ ይተኛሉ። በስተ ምዕራብ፣ አያ ጅቦ በሚገዛው ጫካ፣ ጀንበር ተራራውን ተሻግራ እስክትመጣ ይረፍዳል፤ ማታ ግን ለመሄድ አትቸኩልም። እዚያ ያሉት እንስሳት ዝግተኞች ናቸው፤ ቆመው ሰላምታ ሲለዋወጡ ጥላቸው ይረዝማል።

ሁለቱ ወገኖች ተያይተው አያውቁም። ተራራውን የሚሻገሩት የምሥራቁን ጨው ወደ ምዕራብ፣ የምዕራቡን ማር ወደ ምሥራቅ የምታመላልሰው አህያና ከኋላዋ የምትነዳት እሜቴ ቀበሮ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን አህያዋ በምሥራቅ ጎህ ተነሥታ ጨው እንደ ተሸከመች ምዕራብ ደረሰች። ጭነቷ ወርዶላት ልትጋደም ስትል አያ ጅቦ መጣ።

«ምነው፣ ልትተኚ ነው? ጀንበር እኮ አልጠለቀችም። ሂጂ እንጨት አምጪ።»

«አያ ጅቦ፣ እኔ የተነሣሁት እናንተ ሳትነቁ ነው።»

«እኛ ጀንበር ስትወጣ ነቅተናል። የምሥራቆቹን ስንፍና እዚህ አታምጪብን። ገና በቀን ሥራ ጥለው ይተኛሉ አሉ። አይደል እሜቴ ቀበሮ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ ጌታዬ፤ ያንኮራፋሉ» አለች ቀበሮ፤ ለዚህ ወሬዋም ሥጋ ተሰጣት።

በማግስቱ የምዕራብ ጀንበር ስትወጣ አህያዋ ማር ተጫነች። ምሥራቅ ስትደርስ ግን መሽቶ ነበር። አያ አንበሶ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ሁልጊዜ ከመሸ ነው የምትመጪው?»

«ጌታዬ፣ እዚያ ጀንበር የምትወጣው ዘግይታ ነው፤ እዚህ ደግሞ ...»

«ጀንበርም ሰነፈች በይኛ። ቀበሮ፣ እነዚያ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚተኙት?»

«እስከ ረፋድ ጌታዬ። እሷም ከነሱ ለምዳለች።»

«እንግዲያው ዛሬ ገለባ የላትም።»

ቀበሮ እዚህም ሥጋዋን ተቀበለች። አህያዋ ጦሟን አደረች።

እንደገና ጨው ተጭና የተራራው አናት ላይ ስትደርስ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ቀበሮን ጠየቀቻት።

«እሜቴ፣ አንቺ ሁለቱንም አገር አይተሻል። አንዳቸውም ሰነፍ እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«የኔ ሞኝ፣ እነሱ ከተዋወቁ እኔን ማን ይቀልበኛል? ይልቅ ተንቀሳቀሺ፤ ጅቦ እንጨት እንድታመጪለት እየጠበቀሽ ነው።»

አህያዋ ደሟ ፈላ። እዚያው ተንበረከከችና ጭነቱን ከጀርባዋ አንሸራትታ ጣለችው። ቀበሮ ለመነቻት፣ ሰደበቻት፣ እግሯን ነከሰቻት፤ አህያዋ አልተነሣችም።

ጨው የቀረበት አያ ጅቦ ከአንድ ወገን እያለከለከ ወጣ። አህያዋ ለምን በተራራው አናት ላይ እንደ ተኛች ከሜዳው ሆኖ ያልገባው አያ አንበሶም ከሌላው ወገን መጣ። ቀበሮ ሁለቱን ባንድነት ስታይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

አያ ጅቦ ቁልቁል ወደ ሜዳው አየ። «እንዴ፣ እዚያ መሸ እንዴ?»

አያ አንበሶም ጀንበር ገና ያልጠለቀችበትን ጫካ አየ። ከዚያም አህያዋን «እሺ፣ ገብቶናል» አላት። «አሁን ተነሺና ጨዉን አድርሺ።»

አህያዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየች መለሰችለት።

«ገባን ማለት ይህ ነው? ጀርባዬን እዩት። ያቆሰለኝ ጨው አይደለም፤ እናንተ ሳትተያዩ የተሰዳደባችሁት ስድብ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምሥራቁን ጨው እስከዚህ አወጣለሁ፤ በሜዳው ሲመሽ ደግሞ እኔም እተኛለሁ። ምዕራቦች ማራችሁን ራሳችሁ እስከዚህ አምጡ፤ ጨዋችሁንም ከዚህ ውሰዱ።»

ከዚያም ባዶ ጀርባዋን ይዛ ወደ ሜዳው ወረደች። አያ ጅቦ ጨዉን ሊያነሣ ሞከረና አቃሰተ።

ከዚህ የምንማረው፣ የማያውቁትን አገር በራሳቸው ጀንበር ለክተው ሰነፍ የሚሉ ሁሉ የፍርዳቸውን ሸክም የሚጭኑት በመካከል በሚመላለሰው ምስኪን ጀርባ ላይ መሆኑን ነው።