ከደንገሉ ወዲያ ያለ መቃብር

ጆሮ ያለው ይስማ፣ ሐዘን የሚያውቅ ጠጋ ይበል። ጣና ሞተር ጀልባ ሳያውቅ ነው። የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ አለልኝ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሰጠመ። ማዕበሉ ሬሳውን ሩቅ ደሴት ላይ ጣለው፤ መነኮሳት እዚያው ቀበሩት። ወሬው በወዲያኛው ዳር ዞሮ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብሩ ላይ ቆማ ማልቀስ።

ታንኳ ሠሪው አያ ቸኮል ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ደጃቸው ላይ የበሰበሱትን ታንኳዎች አሳዩአት። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ በየጊዜው ካልታደሰ ሰው ይዞ ይሰጥማል። አለልኝም የሰጠመው ደንገል ጠፍቶ ሳይታደስ በቀረ እንዲህ ባለ ታንኳ ነው። ደንገል ካላገኘሁ ታንኳ አልሠራም አሏት።

ደንገሉ የሚበቅለው ወንዝ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ረግረግ ነው፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ ቁመቱ ከሰው በላይ፣ አናቱ እንደ ተበተነ ጠጉር። ረግረጉን መኩሪያው የሚባል ባለርስት አድርቄ አርሰዋለሁ ብሎ አጥሮታል። የውብዳር አጥሩ ሥር ቆመች።

«ደንገሉን ክፈት፤ አያ ቸኮል ታንኳ ይሥሩ፤ እኔም ልሻገር፤ ባሌን ላልቅስ።»

መኩሪያው ከደንገሉ መሃል ሆኖ መለሰላት። ስማቸው የሚባለው የአለልኝ ወንድም፣ ወንድሜን የገደለው ይህ አጥር ነው ብሎ፣ ጉብታው ላይ ጠመንጃ ደግኖ ይጠብቀዋል። ደንገሉ ከተቆረጠ መሸሸጊያ የለውም። ስማቸው ጠመንጃውን ካላወረደ ደንገሉን አልከፍትም አላት።

ወደ ጉብታው ወጣች።

«ጠመንጃህን አውርድ፤ መኩሪያው ደንገሉን ይክፈት፤ አያ ቸኮል ታንኳ ይሥሩ፤ እኔም ልሻገር፤ ባሌን ላልቅስ።»

ስማቸው ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። መሰልቸቱን አልደበቃትም፤ ግን እናቱ አስምለውታል፤ ደሙን ሳትመልስ ብትተው ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ ብለውታል። እናቴ ካልፈታችኝ ጠመንጃውን አላወርድም አላት።

አማቷ እሜቴ ጥሩ፣ የስማቸው እናት፣ ጥቁር ለብሰው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም፤ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ እንባ አልወጣቸውም።

«እሜቴ፣ መሐላውን ይፍቱ፤ ስማቸው ጠመንጃውን ያውርድ፤ መኩሪያው ደንገሉን ይክፈት፤ አያ ቸኮል ታንኳ ይሥሩ፤ እኔም ልሻገር፤ ባሌን ላልቅስ።»

«የልጄን አፈር በእጄ ሳልነካ አልፈታም» አሉ።

የውብዳር መሬት ላይ ተቀመጠች። አፈሩ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ያለ ታንኳ ማዶ አይደረስም፤ ያለ ደንገል ታንኳ አይሠራም፤ ጠመንጃው ሳይወርድ ደንገሉ አይከፈትም፤ መሐላው ሳይፈታ ጠመንጃው አይወርድም፤ አፈሩ ሳይነካ መሐላው አይፈታም። ይህን ሁሉ ለአማቷ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ስማቸው ከገደለ ይሰቀላል። ያኔ የማንን አፈር ላምጣልዎ፣ የአለልኝን ወይስ የስማቸውን?»

 የአሮጊቷ እንባ መጣ፤ ልጃቸውን አስጠሩት።

እሜቴ መሐላውን ፈቱ፤ ስማቸው ጠመንጃውን አወረደ፤ መኩሪያው አጥሩን ነቅሎ አንገቱን ደፍቶ አለፈ፤ ደንገሉ ታጨደ፣ ፀሐይ ላይ ደረቀ፤ አያ ቸኮል ታንኳ ሠሩ። ስማቸው ቀዘፈ፤ ሁለቱ ሴቶች ተሻገሩ።

ደሴቱ ላይ አንድ መነኩሴ ተቀበላቸው። አለልኝን የቀበሩት መነኮሳት ሞተዋል። ከዛፎቹ ሥር የአፈር ጉብታ በጉብታ ሆኗል፤ ታንኳው ሁሉ በበሰበሰበት በዚያ ክረምት ሐይቁ ብዙ ሰው ጥሎላቸው ነበር።

«የትኛው ነው የኔ?» አሉ እሜቴ።

መነኩሴው እንደማያውቅ ነገራቸው።

እሜቴ ጥሩ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየዳሁ የሁሉንም አፈር ነኩ። የውብዳርም ከኋላ ከኋላቸው እየሄደች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አለቀሰች።