ጭቃው ንጹህ ነበር

አንድ ሀብታም ሰው በከተማ ወንዝ ዳር ፎቅ ሠርቶ ይኖር ነበር። ቆሻሻ አይወድም። መኪናው ላይ ትንሽ ጭቃ ካየ ዘበኛውን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል።

አንድ ቀን ከሰፈሩ በታች ካለው ጉልት ካሮት ሊገዛ ወረደ። እትዬ የሺመቤት ካሮቷን ከነአፈሩ ነው የምትሸጠው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ካሮት ነው ወይስ ጭቃ? ጎረቤትሽን እያት፣ የሷ ያብለጨልጫል!»

«ጋሼ፣ የጓሮ አፈር እኮ ነው። ቤት ሲታጠብ ይለቃል።»

«ለአፈር አልከፍልም!» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ሌላውም ገበያተኛ እንደሱ ነው፤ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ። ምን ታድርግ? በማግስቱ ካሮቷን በጆንያ ተሸክማ ወንዝ ወረደች፣ እንደሌሎቹ ሻጮች በእግሯ እያሸች አጠበችው። ሰውየው ጉልቱ ላይ ሲያብለጨልጭ አየና «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ገዛ። አብራው የመጣችው አንድዬ ልጁ ሶልያና ቤት እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቀችም፤ መኪና ውስጥ ከፌስታሉ አውጥታ ቆረጠመች።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ በትኩሳት ነደደች።

«ታይፎይድ ነው» አለ ሐኪሙ። «በቆሻሻ ውሃ የሚመጣ ባክቴሪያ ነው፣ በዓይን አይታይም። አንጀቷን ጎድቶታል። ትተርፋለች ብዬ ቃል አልገባም። ጥሬ ነገር በልታለች?»

ሰውየው ወደ ጉልቱ በረረ።

«ልጄን ጨረስሻት! ምን ዓይነት ካሮት ነው የሸጥሽልኝ?»

እትዬ የሺመቤት ክው አለች። «እጠቢ አሉኝ፣ አጠብኩ።»

«በምን ውሃ?»

«ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ይሄኔ በየአጥሩ ሥር ያለው ቱቦ ሁሉ ተከፈተ። የሽንት ቤት ፍሳሽ እየተንዶቀዶቀ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። የሰፈሩ ልማድ ነው። መጣጭ መኪና ከመጥራት ጎርፍ ጠብቆ መልቀቅ!

«ጉድ! እነዚህ ሰዎች ናቸው?» ጮኸ ሰውየው። «ያ ትልቁ ቱቦ የማነው?»

ቀና አለ። የቱቦውን ክዳን ያነሳው የገዛ ዘበኛው ነበር። ዘበኛውም አሠሪውን ሲያይ ደስ ብሎት እጁን አወዛወዘ።

«ጋሼ! እንዳዘዙኝ ዝናቡ ሲጀምር ከፈትኩት!»

ሰውየው «ዝጋው! ዝጋው!» እያለ ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣ። የሱ ተዘጋ። የጎረቤቶቹ መፍሰሱን ቀጠለ፤ ሶልያናም ገና ከአልጋ አልተነሳችም።

ወገን፣ አፈር ቢነካን ታጥበን እንድናለን። ደብቀን የለቀቅነው ነው ጉድ የሚሠራን። ወንዝ የጣሉበትን አያጠፋም፤ ለአንዱ ማዕድ ያደርሰዋል። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጠይቁ፦ ዝናብ ሲጥል የእናንተ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወዴት ነው የሚፈሰው?