የተጣፈ ጫማ ያደረገው ሐውልት

ጥንት ነው፣ ልጆቼ፤ ሰማዩ በፋብሪካ ጭስ በጠቆረበት ዘመን። በእንግሊዝ አገር ኦክስቢ የምትባል ከተማ ነበረች። በኦክስቢም ዶርካስ የምትባል የጫማ ሰፊ ልጅ ነበረች። ተምራለች፤ ሴት ልጆችንም ታስተምራለች። ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምፅዋ ይጠፋል።

በፓርላማ የከተማይቱ እንደራሴ የነበሩት ሚስተር ታረንት ሞቱ። ጥሩ ቦት ጫማቸው የዶርካስ አባት በሕይወት ሳለ ለጥገና እንደገባ በቤቷ ቀረ።

በረዶ በወረደ ዕለት አንድ ሸማኔ በባዶ እግሩ መጣ። ከፋብሪካ ተባርሮ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። እግሩ ይደማል። ዶርካስ የሟቹን ጫማ አጠለቀችለት። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ከተማው ለሟቹ ሐውልት ሊያቆም ተነሣ። ቀራጩ ጆሳያ ፊታቸውን ከፎቶግራፍ አገኘ፤ ፎቶግራፉ ግን ከወገብ በታች የለውም።

«ጫማቸው እናንተ ዘንድ ነው አሉኝ። አይቼው ልቅረጽ» አላት።

ዶርካስ ደነገጠች። የሟች አባቷን ጫማ አውጥታ ሰጠችው። አውራ ጣቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ ተጥፎበታል። ጆሳያ ያየውን የሚቀርጽ ሰው ነው፤ ያንኑ ቀረጸ። ዶርካስም የማን ጫማ እንደሆነ አልነገረችውም።

የምረቃው ቀን ደረሰ። መጋረጃው ሲነሣ ሕዝቡ ፊቱን ትቶ ጫማውን አየ።

«እኚህ ሰው ከሞቱ ወዲህ ነው እንዴ የደኸዩት?» አለ አንድ ሥጋ ሻጭ። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ።

ከንቲባው ፊቱ ቀላ። «ጆሳያ፣ ሟቹን አዋረድህ። ሐውልቱ ይፈርሳል። አንተም በዚህ አገር ዳግመኛ መዶሻ አታነሣም።»

«የተሰጠኝን ቀረጽሁ» ቢል ማን ይስማው።

ዶርካስ አሁን ዝም ማለት አልቻለችም። አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ እምቢ አለ። ሮጣ ከትምህርት ቤት ሰሌዳዋን አመጣች። በጠመኔ ጻፈች፤ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የእሳቸውን ጫማ ለባዶ እግር ሰው ሰጠሁት። ይህ የአባቴ ነው።»

ሁሉም ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። እመቤት ታረንት ቀስ ብለው አነበቡ።

«ባለቤቴ ዕድሜ ልካቸውን ለድሃ ጫማ ቃል ሲገቡ ኖሩ» አሉ። «የሰጡት ግን ከሞቱ በኋላ ነው። ተዉት፣ እንዳለ ይቁም።»

ቆመ። በረዶ ሲጀምር ኦክስቢዎች ደህና ጫማ ከሐውልቱ ሥር ያኖራሉ፤ ያጣ ይወስዳል፤ ማን እንዳኖረ አይጠየቅም። እውነት አንቆት መናገር ያፈረ ሰው ሲያዩም እንዲህ ይሉታል፦ «አፍህ እምቢ ካለህ፣ የዶርካስ ሰሌዳ አለልህ።»